ከዲማ ፊደል ገበታ እስከ ሊኑክስ፦ ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ማን አስገባው?

ረጅም ነው፤ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሞጣ ልጅ በውስጥ መስመር "ጋሼ፣ የአይቲ ባለሙያ ለመሆን ምን ልማር? ኦፕን ሶርስ የሚሉትስ ምን ያደርግልኛል?" ብሎ ጻፈልኝ። "ሊኑክስ ተማር፣ ፓይተን ተማር" ብዬ ልመልስለት ጀምሬ አጠፋሁት። እንደሱ ብዬ ብመልስ ልክ ነው፤ ግን ዋናውን ነገር አይነካም። ስለዚህ የማውቀውን ታሪክ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ታሪኩ የኔ ብቻ አይደለም። ይቺን ጽሑፍ አሁን በስልካችሁ በአማርኛ እንድታነቡ ያደረጓችሁ ሰዎች ታሪክ ነው።

ከቢቸና ልጀምር። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። አባቴ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ የቆሎ ተማሪ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲጽፉ የታሪኩን ትልቅ ክፍል ያስቀመጡበት ዲማ ማለት ነው። አባቴ ቅኔውን ሳይጨርስ ወደ እርሻ ተመለሰ፤ ፊደሉ ግን ከእጁ አልወጣም። ቤታችን ውስጥ "ሰላም"ን በንጉሡ ሠ የጻፈ ልጅ እራት ሳይበላ በፊት መቶ ጊዜ ደግሞ ይጽፋል። "በእሳቱ ሰ ነው! እሳቱን ረስተህ ንጉሡን ትጠራለህ?" ይለን ነበር። ያኔ ያማርረኝ ነበር። በኋላ ምን እንደጠቀመኝ ታያላችሁ።

1999 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ኡቡንቱ የሚባል ነገር በፖስታ በነፃ እንደሚላክ አነበብኩ። ኡቡንቱን ያቋቋመው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ሲዲውን የሚልከው አገልግሎት ሺፕኢት ይባል ነበር፤ ከ2005 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ለጠየቀ ሁሉ ወደ የትም አገር፣ የፖስታውን እንኳ ሳያስከፍል ይልክ ነበር። ስሜንና የቢቸናን ፖስታ ሳጥን ሞልቼ ላክሁ። እውነት ለመናገር ይመጣል ብዬ አልነበረም።

መጣ! ኡቡንቱ 6.06። አባቴ ፖስታውን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣

"ስንት ከፈልክ?" አለኝ።
"ምንም።"
"ምንም? ከባሕር ማዶ በምንም የሚልክ ማን ነው? ምን ሊያስፈርምህ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ኮምፒውተርም አልነበረኝም። ቢቸና አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ማታ ማታ ይፈቅዱልኝ ነበር። ሲዲው ሳይጫን እዚያው ከሲዲው ላይ ይነሳል፣ የቤቱን ፋይል አይነካም። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ መጻፍ የጀመርኩት በዚያች ክፍል ነው። ትምህርት ቤታችን ያስተማረን "ስታርት የሚለውን ተጫኑ" እስከሚለው ድረስ ነበር። ይሄኛው ግን ሆዱን ከፍቶ ያሳያል። እያንዳንዱ ፋይል በማን እንደተጻፈ ሁሉ ይናገራል።

እዚያ ስጎረጉር ነው የገረመኝን ያገኘሁት። ሊኑክስ ውስጥ የአገርና የቋንቋ ቅንብሮች ዝርዝር አለ፤ ቀኑ፣ ወሩ፣ ገንዘቡ በየቋንቋው እንዴት እንደሚጻፍ የሚናገር። አማርኛ አለ፣ ትግርኛ አለ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አፋርኛ አለ። ከዚያ ወረድ ሲል ግዕዝ! ሰው አፉን ያልፈታበት ግዕዝ። ይባስ ብሎ ከግዕዙ ጎን "አበገደ" የሚል አማራጭ ተጽፏል።

ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። አበገደ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ሀለሐመ ብለን የምንቆጥረውን ፊደል አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ብሎ የሚቆጥር ሌላው ተራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ያውቀዋል። አባቴ ዝም አለ። ቆይቶ፣ "ይህን የጻፈ ሰው ከኛው ነው። ፈረንጅ አበገደን ከየት ያመጣዋል?" አለ።

በቅንብሮቹ ላይ የሰፈረው ስም ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ ከጀርባው ዳንኤል ያዕቆብ። ይህን ስም እባካችሁ ያዙልኝ።

—

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ፊደላችን ለማሽን ሁሌም አስቸጋሪ ነበር። 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231፣ ከዚያ ዲቃሎቹ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ነጥቦቹ። ታይፕራይተር ደግሞ ሃምሳ የማይሞላ ቁልፍ ነው ያለው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ሲሠሩ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። "ፊደሉ በዝቷል፣ እንቀንሰው" የሚለው ክርክርም ለብዙ ዓመታት የዘለቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ማሽኑ እንዲመቸው ፊደሉ ይቆረጥ እንደማለት።

ኮምፒውተር ሲመጣም ችግሩ ተከተለን። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሥራውን ጀመሩት። ካሊፎርኒያ ላይ አቶ ፍሥሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ፣ ኮሎራዶ ላይ ዶ/ር አበራ ሞላ። ሌሎችም ተከተሉ። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ምንም አልነበረም፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የዘመኑ ማሽን ለፊደል የሚሰጠው 256 ሳጥን ብቻ ነበር፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው የተያዘ ነው። የኛ ፊደል አይበቃውም። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ዘዴ ፈጠረ። በእንግሊዝኛው ፊደል ሳጥን ላይ ግዕዙን ሥሎ ማስቀመጥ፣ ካልበቃ ሁለተኛ ፎንት፣ ሦስተኛ ፎንት መጨመር። አንዱ ጋ "ለ" የተቀመጠበት ሳጥን ሌላው ጋ "ጨ" ነው። ፎንቱ ከሌላችሁ ደብዳቤው የላቲን ድርቆሽ ሆኖ ይመጣል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቢሮ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በሌላ መንገድ መጡ። አማርኛን በተራ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ በኢሜይል ለመላክ የሚያስችል ስምምነት ጻፉ። ትንሹ "ቲ" ተ ነው፣ ትልቁ "ቲ" ጠ ነው፣ "ኤክስ" ሸ ነው፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የስምምነቱ ስም በእንግሊዝኛ ምኅፃር ሲነበብ "ሴራ" ይሆናል። አትደንግጡ፣ ተንኮል የለበትም! እንዲያውም ተንኮል የሌለበት መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ሕጉን ለሁሉም ክፍት አድርገው አወጡት፤ ማንም ወስዶ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባው።

ማን ወሰደው መሰላችሁ? ጃፓኖች። ኢማክስ የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ አለ፤ የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጀው ሪቻርድ ስታልማን የጀመረው ነው። በ1997 የወጣው 20ኛው እትም ግዕዝን ይጽፍ ነበር። ያንን ክፍል የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል የጃፓን መንግሥት የኤሌክትሮቴክኒክ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ነው። አስቡት፣ ያኔ እኛ ቢቸና ላይ ፊደልን በካርቶን ላይ ነው የምንቆጥረው። ኢማክስ ውስጥ በየቋንቋው ሰላምታ የሚያሳይ አንድ ገጽ አለ፤ የኛው ተራ ላይ "ሠላም" ይላል። በንጉሡ ሠ! ለአባቴ ሳሳየው ሳቀ። "ጃፓኑ ይማር፣ ያስተማረው ግን መቶ ጊዜ ይጻፍ" አለ።

ከዚያ መስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ወጣ። ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። ግዕዝ 345 ምልክት ይዞ ገባ። ሰ አንድ ቁጥር፣ ሠ ሌላ ቁጥር። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለየብቻ። አ እና ዐ ለየብቻ። ማንም አልተቆረጠም። ለማሽን ሲባል ይቀነስ የተባለው ፊደል ሙሉውን ማሽን ውስጥ ገባ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብለንና ለሌሎችም የሚያስፈልጉት ተጨመሩ።

አቀማመጡ ደግሞ ያምራል። እያንዳንዱ ቤት 8 ሳጥን ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ፣ ስምንተኛው ለዲቃላው። የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለ8 ስታካፍሉት ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ ነው፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ፣ 7 ከሆነ እንደ ሏ፣ እንደ ሟ ያለ ዲቃላ። ጥቂት የሚዛነፍ ቦታ አለ፤ በጥቅሉ ግን ይሠራል። አባቴ ዲማ ላይ በዜማ የቆጠረውን እኔ በአንድ መስመር ፓይተን እቆጥረዋለሁ ማለት ነው።

—

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? እዚህ ላይ ሞጣ ትመጣለች።

በ2005 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በአይቲ ባለሙያነት ተመደብኩ። ሥራዬ አብዛኛው ፕሪንተር ማስተካከልና ቫይረስ ማጥፋት ነበር። በዓመቱ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው ሞተዋል። ስለ ቤታቸው ቦታ በ1990ዎቹ የተጻፈ ደብዳቤ ነበረ። ወረቀቱን ዝናብ አፍርሶታል፣ ግልባጩ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ድርቆሽ። ኮምፒውተሩ በተቀየረ ጊዜ ፎንቱን ያስቀመጠ ሰው የለም። የዚያ ዘመን ፋይሎች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ፣ ከ400 በላይ።

"ልጄ፣ አለ ይሉኛል፤ አይነበብም ይሉኛል። ያለ ነገር እንዴት አይነበብም?" አሉኝ እማማ። ሦስት ወር ተመላልሰዋል።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። መጀመሪያ ፎንቱን ፍለጋ ገባሁ። የት ተገኘ? ቢቸና፣ ያ የድሮ የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ በተጣለ ኮምፒውተር ላይ። በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ፎንትፎርጅ በሚባል ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ከፈትኩት፤ እያንዳንዱ ሳጥን ላይ የትኛው ፊደል እንደተሣለ ያሳያል። አንድ በአንድ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ይህ ቁጥር ለዚህ የዩኒኮድ ፊደል።

ችግሩ ግን ጽሑፉ በሁለት ፎንት የተጻፈ መሆኑ ነው። አንድ ቃል ውስጥ እንኳ የመጀመሪያው ፊደል ከአንደኛው ፎንት፣ ቀጣዩ ከሁለተኛው ይሆናል። ተመሳሳይ ቁጥር እዚህ "በ"፣ እዚያ "ጓ" ነው። ጽሑፉን ብቻ ገልብጦ መቀየር አይቻልም፣ ፎንቱን አብሮ ማየት ግድ ነው። ስለዚህ ፋይሎቹን በሊብሬኦፊስ ወደ ክፍት ፎርማት ለወጥኳቸው። ክፍት ፎርማት ማለት ፋይሉ ዚፕ ነው፤ ስትፈቱት ውስጡ በግልጽ ይነበባል፣ እያንዳንዷ ቁራጭ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈች ይናገራል። ከዚያ በኋላ በፓይተን ቁራጭ በቁራጭ መቀየር ነው። አየህ ወንድሜ፣ "ምን ያደርግልኛል?" ላልከኝ መልሱ ይኸው። የተዘጋ ነገር ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ቆሜ ነበር የምቀረው።

ደብዳቤው ተነበበ። አተምኩት። እማማ ይዘው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ተመለሱ።

"ስሙ አይገጥምም" ተብለዋል። የባላቸው ስም በመታወቂያውና በሌላው ሰነድ ሁሉ ዓለሙ ነው፣ በዓይኑ ዓ። የኔ ጽሑፍ አለሙ ይላል፣ በአልፋው አ። ሌላ ሰው ነው አሏቸው።

አፈርኩ። ሰንጠረዡን አትሜ ቅዳሜ ቢቸና ወረድኩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። በግራ የድሮው ፎንት ሥዕል፣ በቀኝ እኔ የሰጠሁት ፊደል። በእርሳስ እያንዳንዷን ነካ፣ ነካ። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልተናገረም። ከዚያ አንዷ ላይ ቆመ።

"ይቺን ምን አልካት?"
"አ።"
"ዓይንህን ምን ሆነህ ነው? ዓይን እኮ ናት። አናቷ ክብ ነው።"

ሌሎች ሁለት ስሕተቶችም አገኘ፣ አንዱ ጸ እና ፀ ላይ። እኔ ለማሽኑ "ያው አንድ ድምፅ ነው" ብዬ ችላ ያልኩት ነበር። ሰኞ አስተካክዬ እንደገና አተምኩ። የእማማ ጉዳይ ከዚያ በኋላም ጊዜ ወሰደ፣ ግን በስም ምክንያት አልቆመም። በመጨረሻ ቤታቸውን በስማቸው አዞሩ።

—

ሞጣን የሚያውቅ ሰባራ ድልድይን ያውቃል። ጎጃምንና ጎንደርን በዓባይ ላይ ያገናኝ የነበረ የጥንት የድንጋይ ድልድይ ነው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል ሰው በገመድ ነበር የሚሻገረው። ይህን ሁኔታ በፎቶ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ መጥቶ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. ጠገነው። በኋላ ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ መሻገሪያ ተሠራ። ገመድ ሳቢዎቹ በዚያ ሁሉ ዓመት ጀግኖች ነበሩ፤ ግን ገመዱ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ነው የሚያሻግረው።

ይህን ያነሳሁት ራሴን ልከስ ነው። የእማማን ፋይል ካሻገርኩ በኋላ ፕሮግራሙን ምን አደረግሁት? ፍላሼ ላይ አስቀመጥኩት። "ጎበዝ ነህ" ተባልኩ፣ ደስ አለኝ፣ በቃ። ከሌላ ወረዳ ሰው ሲደውል "አምጣና ልሥራልህ" እላለሁ። ገመዱን የምስበው እኔ ነኝ፣ እንደማለት።

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ቢቸና ስገባ አንድ ወጣት አገኘሁ። እዚያው ቢሮ ይሠራል። ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሆንክ ስለው፣ በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ፋይሎችን ከታተመው ግልባጭ እያየ እንደገና እየተየበ ነው። ግልባጭ የሌላቸውንስ? "እነሱን ትተናል" አለኝ። ስንት ዓመቱ? ሁለት።

ቢቸናና ሞጣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ መካከላቸው ደብረ ወርቅ ናት። አባቴ በእርሳስ ያረማት ሰንጠረዥ አምስት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበረች። የዲማ ልጅ የሠራት፣ የዲማ ተማሪ ያረማት ሰንጠረዥ ለቢቸና ልጅ አልደረሰችም። እኔ ግን በየቀኑ ዳንኤል ያዕቆብ በነፃ የሰጠውን፣ ታካሃሺ በነፃ የሰጠውን፣ ሻትልወርዝ በፖስታ የላከልኝን እየተጠቀምኩ ነበር።

የዚያኑ ቀን ለልጁ ሰጠሁት። በሳምንቱ ጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጌ ጫንኩት። ልጁ በወሩ እኔ ያላሰብኩትን ሦስተኛ ፎንት ጨምሮ መለሰልኝ። የቁጥሮቹን፣ የ፩ የ፪ን ስሕተትም አረመልኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ልጁ ዓይኑን ይለያል?"

—

ዛሬ ነገሩ ሰፍቷል። ጤና ጣቢያዎቻችን ወርሃዊ ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ ቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ ኦፕን ሶርስ ነው። ብዙዎቻችን የተመዘገብንበት ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በሚባል ከሕንድ ባንጋሎር በወጣ ኦፕን ሶርስ ላይ ነው። የአማርኛ ፎንቱ አቢሲኒካ፣ ኪቦርዱ ኪይማን ክፍት ናቸው። ሊኑክስ ላይ አማርኛ ከምትጽፉባቸው ዘዴዎች አንዱ ዛሬም "ሴራ" ነው የሚባለው። ኮዱን ከፍቶ የሚያነብ፣ ሲበላሽ የሚጠግን የኛ ሰው ግን ገና ጥቂት ነው። ያ ሰው ካልበዛ ክፍት በር ቢኖረንም ደጅ ጠኚዎች ነን።

ስለዚህ ወንድሜ የሞጣው፣ መልሴ ይኸው። ሊኑክስ ተማር፣ ፓይተን ተማር፤ እንግሊዝኛህንም አጥብቀህ ያዝ፣ መመሪያው ሁሉ በሱ ነው። ፊደልህንም በደንብ ቁጠር። የሠራኸውን ደግሞ ኪስህ ውስጥ አታሳድር። እኔ አምስት ዓመት አሳድሬያለሁ፤ በሁለቱ የአንድ ወጣት ዓይን ሲቀላ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ልመና። ቤታችሁ ወይ ቢሮአችሁ ውስጥ የድሮ አማርኛ ፋይል፣ ፍሎፒ፣ ሲዲ፣ የተጣለ ኮምፒውተር ካለ "አይነበብም" ብላችሁ አትጣሉት። የፎንቱን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሰንጠረዡ ካለን እሰጣችኋለሁ፣ ከሌለን አብረን እንሠራዋለን። የምታውቁት የወረዳ አይቲ ባለሙያ ካለም ይህን ጽሑፍ አድርሱልኝ።

አባቴ አሁን 81 ዓመቱ ነው። መነጽሩ አለ፣ እርሳሱም አለ። አዲስ ሰንጠረዥ ከመጣ ያርማል።